የታኅሣሥ ገብርኤል ምስር ቤት ስሠራው ለምን አይመጣልኝም?

የታቦር ሥር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሐዋሳ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ 9 ዓመት ሆነኝ፤ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ግን አሁንም ሆዴ ይባባል። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ነበር ገብርኤል የምንሄደው። ከአዲስ አበባ፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔ የመጣው ሰው ግቢውንም አስፋልቱንም ሞልቶት ያድራል። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በእልልታ እስኪገባ ድረስ ቆመን፣ እግሬ ደንዝዞ፣ ከዚያ እናቴ እጄን ይዛ ጸበል ጻዲቅ ወደሚቀመስበት ድንኳን ትወስደኛለች።

መሬት ላይ በመደዳ እንቀመጣለን። አንዷ እንጀራ ትዘረጋለች። ከኋላዋ ባልዲ የያዘ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ይመጣና በትልቅ ጭልፋ ምስሩን ያፈስበታል። ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል። አምስት ስድስት ሆነን፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ከአንድ ትሪ እንበላለን። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ወጥ ያለበትን የእንጀራውን መሃል ወደ እኔ እየገፉ እሳቸው ዳር ዳሩን ሲበሉ አስታውሳለሁ። ከየት እንደመጡም አላውቅም።

ባለፈው ዓመት እኔም ለገብርኤል ዘከርኩ። 40 ሰው ጠርቼ ምስሩን ራሴ ሠራሁት። ሰዉ አመስግኖ በላ፣ ተርፎም ወደ ቤቱ የወሰደ አለ። ግን ያ ጣዕም አይደለም። ዘንድሮ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን 150 ሰው ልናበላ አስበናል። እዚያ ወጥ ቤት ገብታችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ምንድነው የሚጎድለኝ? ዳቦውንም ጭምር። እዚያ የሚቆረሰው ዳቦ ሽታው ሌላ ነበር።

ሐይቅ ዳር

እህቴ፣ መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ርቦሽ ነበር! ከሌሊት 9 ሰዓት ጀምረሽ ቆመሽ፣ በጾም፣ እስከ ቀን 8 ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ የቀረበልሽ ሁሉ ይጣፍጣል። እኔ ያን ጊዜ ደረቅ ንፍሮ ቢሰጡኝም ማር ማር ይለኝ ነበር። ቤትሽ ስትሠሪ ግን ወጡን እየቀመስሽ፣ እየሸተተሽ ነው የምትውይው። ስለዚህ ወጡ ላይ ብዙ አትጨነቂ።

የወጥ ቤቷ እናት

ልጄ፣ ጥያቄሽን ልጄ ናት ያነበበችልኝ፤ ይሄንንም እኔ እየነገርኳት እሷ ናት የምትጽፈው። ሐዋሳ ገብርኤል ወጥ ቤት ከ20 ዓመት በላይ ገብቻለሁ፣ ታኅሣሥም ሐምሌም። ሐይቅ ዳር የተባልከው ልጅ፣ ስለ ርሃቡ እውነትህን ነው፤ ግን ርሃብ ብቻ አይደለም። እኛም እዚያው ወጥ ቤት ሌሊቱን ሙሉ እየቀመስን አድረን ጠዋት ስንበላው ይጣፍጠናል።

ዋናው ቁሌቱ ነው። እናንተ ቤት ሽንኩርቱ በ15 ደቂቃ ይቁላላና በርበሬ ይጨመርበታል። እኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሽንኩርቱን ጎላ ውስጥ ያለ ዘይት እንጥደዋለን። የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ያንኑ ውሃ ይመጥጣል፣ ይሟሽሻል፣ መልኩ ይለወጣል። ያኔ ነው ዘይት የሚገባው። ከዚያ በርበሬው። በርበሬ ከገባ በኋላ ደግሞ ውሃ ጠብ እያደረግሽ ማማሰል ነው፣ ጠብ እያደረግሽ ማማሰል። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን ሲተው ታውቂዋለሽ፣ ሽታው ይነግርሻል። እኛ ጋ ይሄ ብቻ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ማማሰያው ከእኔ ቁመት አይተናነስም፣ ሁለት ሰው እየተቀባበልን ነው የምናማስለው። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላለች፤ እጅ አያርፍም፣ ካረፈ ሥሩ ይይዛል። አንዴ ከያዘ ደግሞ ያ ሁሉ ወጥ አረረ አረረ ይላል፣ መመለሻም የለውም።

ሌላው እሳቱ ነው። እንጨት ነው የምናነደው። ጎላ አንዴ ከጋለ ቶሎ አይበርድም፣ ስለዚህ ፍሙን ገፋ አድርገሽ ምስሩ በዝግታ ይንተከተካል። በስቶቭ ላይ ትንሽ ድስት ጥደሽ ይሄን አታገኚም። ግቢ ካላችሁ በእንጨት ሥሩት፣ ጎላም ተከራዩ።

ልኩን ደግሞ ለ150 ሰው ልንገርሽ። እኔ ብሆን 9 ኪሎ ምስር ክክ፣ 9 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ኪሎ ተኩል ያህል በርበሬ፣ 3 ሊትር ዘይት እይዛለሁ። በርበሬሽ ኃይለኛ ከሆነ ቀንሺ፣ ልጆችም ይበላሉና። ሽንኩርቱ ከምስሩ እኩል ነው፣ እሱን አትሰስቺ! ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከበርበሬው በኋላ። ጨውና መከለሻ መጨረሻ ላይ፣ ሊወጣ ሲል። ሌላ ወጥ የምትጨምሪ ከሆነ፣ ጎመንም አልጫ ክክም ካለ፣ 7 ኪሎ ምስር ይበቃሻል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሽንኩርቱን ብቻሽን አትክተፊ። እኛ ማታ 20 ሴት ሆነን ክብ ሠርተን ነው የምንቀመጠው። አንዷ ትዘምራለች፣ ሌላው ይቀበላል። በሽንኩርቱም እናለቅሳለን፣ በመዝሙሩም እናለቅሳለን። ስእለቷ የሰመረላት ልጅ ወልዳ ታቅፋ መጥታ ከመሃላችን ተቀምጣ የምትከትፍ አለች። አንቺም ጎረቤቶችሽን ማታ ጥሪያቸው፣ ጠዋት አይደለም።

የሰንበቴ ልጅ

የእናታችን መልስ ሁሉንም ይዟል፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። ታኅሣሥ 19 በነቢያት ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፤ ለዚያ ነው ምስር፣ ሽሮ፣ ንፍሮ የምንበላው። ሌላው የገብርኤል በዓል፣ ሐምሌ 19፣ ግን የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ ስለሆነ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር ፍስክ ነው።

እኔ ግን የታኅሣሡ ምግብ ከበዓሉ ጋር ይበልጥ ይሄዳል ባይ ነኝ። የዕለቱ ታሪክ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ ሦስቱን ልጆች፣ ከእሳት ማውጣቱ ነው። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ብታነቡት እነዚሁ ልጆች ከዳንኤል ጋር ሆነው የንጉሡን ማዕድ እምቢ ብለው፣ 10 ቀን ጥራጥሬ በልተው ውሃ ጠጥተው፣ ፊታቸው የንጉሡን ምግብ ከበሉት ሁሉ አምሮ ተገኘ። አያቴ ለበዓሉ የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ እያፈሰችልን ይሄን ትነግረን ነበር። እና ንፍሮውን አትርሺ። ልጆች እጃቸውን ዘርግተው የሚቀበሉት እሱን ነው።

የአለታ ወንዶ ልጅ

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ግን ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሐዋሳ ከመምጣቴ በፊት ገጠር የነበረን ኮንፈረንስ ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ነው፣ ከየቀበሌው በእግር ይመጣል ሰው። እንግዳው በየቤቱ ይከፋፈላል፤ እኛ ቤት አንድ ጊዜ 11 ሰው አድሯል። እናቴ ቡርሳሜ ትሠራለች። ከእንሰቱ የወጣውን ምርጡን አድርቃ፣ ነፍታ፣ ምጣድ ላይ አብስላ በቅቤ ታሸዋለች። በሻፌታ፣ በሸክላው ገበታ፣ ይቀርባል፣ አጠገቡ እርጎ። ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣል። ማንም እንግዳው እስኪጀምር እጁን አይሰድም። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ጉባኤው ላይ ተቀምጣ አገኛት ነበር። እንቅልፍ መቼ እንደምትተኛ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስለ ዳቦው ደግሞ እኔ ልመልስልሽ። ሽታው የኮባው ነው! እዚህ ኮባ ከየጓሮው ይቆረጣል። የገብርኤል በዓል ሲደርስ ጎረቤቶቻችን መጥተው ይጠይቁናል፣ እኛም እንቆርጥላቸዋለን። እናቴ እንደውም ነፋስ ያልቀደደውን ቅጠል ለእነሱ ትለይ ነበር። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ ታደርጊዋለሽ፣ ካለዚያ ይሰነጠቃል። ድስቱን ከታችም ከጎንም ታለብሺውና ሊጡን ታፈሺበታለሽ፣ ከላይም በኮባ ትሸፍኚዋለሽ። ከዚያ እሳት ከታችም ከክዳኑ በላይም። ሊጡ ውስጥ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ካለ በቃ ያው ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በዘይት የተቀባ ዳቦ ያንን ሽታ ከየት ያመጣዋል?

የታቦር ሥር ልጅ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ያድልዎ። ምን እንዳጠፋሁ አሁን ገባኝ። ባለፈው ዓመት ከሥራ ገብቼ ማታ 3 ሰዓት ጀምሬ 5 ሰዓት ላይ ጨርሼ ተኛሁ። ሽንኩርቱን በማሽን ነው የፈጨሁት፣ ብቻዬን። ለ40 ሰው 1 ኪሎ ብቻ ነበር ያደረግኩት።

ዘንድሮ ጎላው ተገኝቷል፣ ከእድራችን ነው የምንዋሰው። እንጨትም አይቸግርም። ታች ቤት ያሉት ጎረቤቴ ማታውኑ ሴቶቹን እሰበስባለሁ ብለውኛል። የአለታ ወንዶ ልጅ፣ አንተንም ወንድሜ ብዬሃለሁ። የቀረኝ ኮባው ነው። ባለፈው ገበያ ያየሁት ጠውልጎ፣ ጫፉ ደርቆ ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ደህና ኮባ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አለ?

የአለታ ወንዶ ልጅ

ከገበያ አትግዢ። ታላቅ ወንድሜ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ መኪናው ላይ ቦታ አለ። የመሃሉን ጅማት አውጥተን ጠቅልለን እንልክልሻለን፤ እንደዚያ ሲሆን አይሰበርም፣ አይጠወልግምም። ስንት ዳቦ እንደምትጋግሩ ብቻ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እናቴ ቅጠሉን ራሷ እመርጣለሁ ብላለች።