የወንድሜ የኒውዮርክ ካሴቶች፦ ሳይድ ቢው የማይገባ ቋንቋ የሚያወራው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ባለ ሳጥኗ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ከ1993 እስከ 1997 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ኒውዮርክ ተምሯል። ያኔ ራፕ ነፍሱ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ልጆች ያሳድጋል። ካሴቶቹ ግን እናቴ ምድር ቤት ቀርተዋል። ባለፈው ሳምንት እማዬ «ወይ ውሰጂው ወይ ለቆሻሻ መኪናው አወጣዋለሁ» ስትለኝ 41 ካሴት ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ።

አብዛኞቹ ላይ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ «ሐሙስ ሌሊት 89.9» እና ቀን አለ። አንዱ ላይ «ቢግ ኤል ከጄይ-ዚ ጋር፣ እንዳይጠፋ!!!» ይላል። አንዱ ላይ ደግሞ ምንም አልተጻፈም። ቲዲኬ ኤስኤ 60 ነው። ሳጫውተው ሳይድ ኤ ላይ ከበሮው እንደ ቀብር ይጎተታል። በግራ ጆሮዬ ከበሮ ብቻ፣ በቀኝ ጆሮዬ ቤዝ ብቻ። ስገለብጠው ሰው ያወራል፣ ግን አንድ ቃል አይገባም። እንግሊዝኛም አይደለም፣ አማርኛም አይደለም።

እነዚህ ነገሮች ዋጋ አላቸው? እንዴትስ ወደ ኮምፒውተር ልቅዳቸው? አንዱን እዚህ አካባቢ ላለ ሱቅ ሰጥቼ ክሩን አስበልተው የተረፈውን በኤምፒስሪ መለሱልኝ። 35 ዶላር ከፍዬ! ያ ስም የለሹ ካሴትስ ምንድን ነው? ወንድሜን በስልክ ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ጣይው» ነው ያለኝ።

ሸክላ ሰብሳቢ (ፍራንክፈርት)፦

እንዳትጥዪው! ከሥራ ስወጣ በደንብ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ግን ምንም አትጣዪ።

ጋሽ ቴፕ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። የካሴቱ ጀርባ ላይ፣ ክሩ ከሚታይበት በተቃራኒው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። በእስክሪብቶ ጫፍ ስበሪያቸው። የሁሉንም። እነሱ ከሌሉ የሪከርድ ቁልፉ አልወርድም ይላል። እኔ መርካቶ ቴፕ ስጠግን ስንት ሰርግ በሕፃን ጣት ሲጠፋ አይቻለሁ። ያኔ ካሴት ውድ ስለነበር ሰው የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ወትፎ መልሶ ይቀዳበት ነበር። እንደሱ የተወተፈ ካገኘሽ ወረቀቱን አውጪው።

ከዚያ ሳታጫውቺ የእያንዳንዱን አፍ እዪ። ከክሩ ኋላ፣ መሀል ላይ፣ በቀጭን ብረት የተያዘች ቁራጭ ሱፍ አለች። ክሩን ሄዱ (ድምፁን የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ የምትጫነው እሷ ናት። ሙጫዋ በ30 ዓመት ይደርቅና ትወድቃለች። ያኔ ድምፁ ታፍኖ ይመጣል፣ ሰውም ካሴቱ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም። በአምስት ብሎን የሚዘጋ ሌላ ካሴት ፈልገሽ ሁለቱን ጥቅል ወደሱ አዛውሪ። ከመፍታትሽ በፊት ክሩ በየት በየት እንደሚያልፍ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። እኔ በጊዜዬ ፎቶ አልነበረኝም። በጭንቅላቴ ይዤ አንዳንዴ ገልብጬ እገጥም ነበር፣ የደንበኛውን ስድብም በልቻለሁ።

ለዓመታት የቆመ ጥቅል ይላላል። በቢክ እስክሪብቶ አጥብቂው። ከዚያ እስከ ጫፍ አጠንጥነሽ መልሺው። ሱቁ ይሄን ሳያደርግ ነው ክሩን ያስበላብሽ። የተበላውንም አትጣዪ። ካልተቀደደ በጣት ተስተካክሎ ይጫወታል፣ የተጨማደደበት ቦታ ላይ ትንሽ ይወላገዳል እንጂ።

ማጫወቻው ደህና ዴክ ይሁን። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን የ20 ዶላር መጫወቻ እርሺው። ሄዱን በአልኮል ጥረጊ። ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ጥርት ሲል ቁሚ። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕና ያንቺ ቴፕ ሄዳቸው እኩል አይቆምም። ብዙ ሰው «ካሴት ድምፁ ድፍን ነው» የሚለው ይችን ብሎን ስለማያውቃት ነው።

ሌሊት ሰሚዋ (ብሩክሊን)፦

«ሐሙስ ሌሊት 89.9» የሚለውን ሳነብ እንቅልፌ ጠፋ! ይሄ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነው፣ ደብሊውኬሲአር። ስትሬች አርምስትሮንግ እና ቦቢቶ ከ1990 እስከ 1998 የሠሩት የራፕ ፕሮግራም። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋቱ 11 ነበር። ናስም፣ ቢጊም፣ ዉ-ታንግም የመጀመሪያ አልበማቸው ሳይወጣ እዚያ ማይክ ይዘዋል።

የ90 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ 45 ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ አራት ሰዓት። እኔ የሰዓት ደወል በየ45 ደቂቃው ሞልቼ እየተነሳሁ እገለብጥ ነበር፣ ጠዋት ሥራ ላይ እየተንገዳገድኩ። እና ሁሌም እዚያ ስገለብጥ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ይላል። ያንቺ ወንድም በሌላ ደቂቃ ነው የገለበጠው። ስለዚህ የኔ ካሴት ላይ የተቆረጠው ግጥም እሱ ላይ ሙሉውን ሊኖር ይችላል። ተደጋገመ ብለሽ አትናቂው።

የቢግ ኤልና የጄይ-ዚው ፍሪስታይል (እዚያው ማይክ ላይ ያወረዱት ራፕ) የ1995 ነው። በሰፊው የታወቀ ነው፣ ንጹሕ ቅጂውም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ሦስቱ ቃለ አጋኖ ያኔ ልክ ነበር። ጄይ-ዚ ገና አልበም አልነበረውም፣ ቢግ ኤል ደግሞ በ1999 ተገደለ። ለቤተሰብ ማስታወሻ እሰየው፣ ግኝት ግን አይደለም።

ቀኖቹን ስታምኚ ተጠንቀቂ። ሐሙስ ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዓርብ ነው። አንዱ የሐሙሱን ቀን ይጽፋል፣ ሌላው የዓርቡን፣ በዚህ ምክንያት አንድ ሌሊት ሁለት ተብሎ ሲቆጠር አይቻለሁ። ደግሞ መሀል ላይ የመኪና ወይም የመጠጥ ማስታወቂያ ከሰማሽ ካሴቱ ላይ ምንም ይጻፍ ምን 89.9 አይደለም። የተማሪ ጣቢያ ስለሆነ ማስታወቂያ የለውም።

ወፍ በረር፦

ምን ያስጨንቅሻል፣ ሁሉንም ዩቲዩብ ላይ ጫኚው። እይታ ነው ገንዘብ።

ሕግ ተማሪው (አትላንታ)፦

ወፍ በረር፣ ቆይ እንጂ። የካሴቱ ፕላስቲክ የእሷ ነው፣ ድምፁ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሥራውን የፈጠረው ሰው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 70 ዓመት መብቱ ይቆያል፣ ለድርጅት ከተሠራ ስሌቱ ይለያል። የ90ዎቹ ሥራ ገና ልጅ ነው። ለራሷ ቀድታ መስማት ሌላ ነገር ነው፣ ማሰራጨትና መሸጥ ሌላ።

ሸክላ ሰብሳቢ (ፍራንክፈርት)፦

መጣሁ። ስለ ዋጋው እቅጩን ልንገርሽ። ከሬዲዮ የተቀዳ ካሴት ሰው ሊሰማው ይጓጓል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይሰጥም። ዲስኮግስም አይረዳሽ፣ እሱ የታተሙ ሥራዎች መዝገብ ነው፣ ቤት ውስጥ የተቀዳ አንድ ካሴት እዚያ ቦታ የለውም።

ብርቅ የምንለው ሌላ ነው። ያኔ ኩባንያዎች አልበም ከመውጣቱ በፊት ለዲጄና ለጋዜጠኛ ካሴት ይልኩ ነበር። አልበሙ ሳይወጣ ሲቀር ያ ካሴት ብቻ ነው የሚተርፈው። ኬኤምዲ የሚባሉት ወንድማማች ራፐሮች ታሪክ የታወቀ ነው። ታናሹ ሰብሮክ በ1993 መኪና ገጭቶት ሞተ። ሁለተኛ አልበማቸውን፣ «ብላክ ባስታርድስ»ን፣ ኩባንያቸው ኤሌክትራ በ1994 በሽፋኑ ሥዕል ሰበብ አላወጣውም። ለዓመታት የዞረው ከእጅ ወደ እጅ በተቀዳ ካሴት ነው። በየቅጂው የክሩ ሹክሹክታ («ሽሽ» የሚለው ድምፅ) እየጨመረ፣ ከበሮው እየደበዘዘ። የተረፈው ወንድም ጭንብል አጥልቆ ኤምኤፍ ዱም ሆኖ ተመለሰ። የ1999 አልበሙን ያወጣለትም ያው የ89.9ኙ ቦቢቶ ነው፣ ፎንድል ኤም በሚባለው የራሱ ትንሽ ኩባንያ። ፒት ሮክ የሚባለው ፕሮዲውሰር ያቀናበረላቸው፣ አይኤንአይ የሚባሉት ራፐሮች የሠሩት አልበምም እዚያው ኤሌክትራ ታፍኖ ቆይቶ በ2003 ነው በሥርዓት የወጣው።

ስለዚህ የእጅ ጽሑፍ ያለባቸውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊና በማተሚያ የታተመ ወረቀት ያለበት፣ «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ካለ ፈልጊ። ያለበለዚያ ያ ስም የለሹ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ። እንደ እንግሊዙ ቾፕድ ሄሪንግ፣ እንደ ሚልዋኪው ዶፕ ፎክስ ያሉ ትንንሽ አሳታሚዎች የሚኖሩት እንዲህ ሳይወጣ በቀረ ሥራ ነው። ራፐሩን ፈልገው ያገኙታል፣ ያስማሙታል፣ ጥቂት መቶ ሸክላ ያትማሉ። ሸክላው በተሸጠ ማግስት ዋጋው እጥፍ ይሆናል። (እኔም አንድ ሁለቴ በእጥፍ ገዝቻለሁ። ሚስቴ እዚህ አታነብም።)

አራት ትራክ (ሲያትል)፦

የሁላችሁም ምክር ጥሩ ነው፣ ግን ዋናውን አለፋችሁት። ከበሮ በግራ ብቻ፣ ቤዝ በቀኝ ብቻ፣ ቀርፋፋ፣ ሳይድ ቢው የማይገባ። እህቴ፣ ያ ሙዚቃ ማዳመጫ ካሴት አይደለም፣ የስቱዲዮ ሥራ ነው። በባለ አራት ትራክ (አራት መስመር ለየብቻ በሚቀዳ) መቅጃ፣ እንደ ታስካም ፖርታስቱዲዮ ባለ ዕቃ፣ የተቀዳ ነው።

ተራ ካሴት ክሩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሁለት መስመር ለሳይድ ኤ፣ ሁለት ለሳይድ ቢ። ይሄ ማሽን አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ይቀዳል። ያንቺ ቴፕ ደግሞ ሁለቱን ብቻ ነው የሚያነበው። ስትገለብጪው የቀሩትን ሁለት ያነባል፣ ግን ከኋላ ወደ ፊት። ቋንቋው ያልገባሽ እንግሊዝኛ ተገልብጦ ስለሆነ ነው። መጎተቱም ብዙዎቹ ማሽኖች ለድምፅ ጥራት በእጥፍ ፍጥነት ስለሚቀዱ ነው፣ በሰከንድ በ4.76 ሳንቲሜትር ፈንታ በ9.5። የ60 ካሴትሽ ላይ ያለው 15 ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው።

ማሽን ከሌለሽ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለቱንም ገጽ በዋቭ (ድምፁን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት) ቅጂ። ኤምፒስሪ አይሁን። ሳይድ ቢውን «ሪቨርስ» (ገልብጥ) በይው፣ ሁለቱንም ፍጥነት በእጥፍ አድርጊ። ልብ በይ፣ «ስፒድ» የሚለውን ነው እንጂ «ቴምፖ» የሚለውን አይደለም፣ አለበለዚያ ድምፁ ወፍራም እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ አራቱን አንድ ላይ ደርድሪ። ሁለት ጊዜ ስለተቀዳ ሞተሩ ትንሽ ይዛነፋል፣ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ መጨረሻ ላይ ከበሮና ግጥም ይለያያሉ። ለመስማት ይበቃል፣ ለማተም ግን አይሆንም። ሹክሹክታው ከግጥሙ ጋር እየተነፈሰ ከፍ ዝቅ ካለ ደግሞ ዲቢኤክስ በሚባለው ሹክሹክታ መቀነሻ ዘዴ ተቀድቷል ማለት ነው። ሌላው ተመሳሳይ ዘዴ፣ ዶልቢ፣ አይፈታውም። ትክክለኛው ማሽን ያስፈልጋል።

ጋሽ ቴፕ፦

ታስካም እኔ ጋ አለ። ዲቢኤክስም አለው። ለቤተክርስቲያን መዝሙር ነበር የገዛሁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽ ነይ።

ባለ ሳጥኗ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እመጣለሁ። ግን እስከ እሑድ መታገሥ አልቻልኩም። ትናንት ማታ አራት ትራክ እንዳለው አደረግኩት።

ከበሮው ተነሳ። ቀብሩ ቀርቶ ጭንቅላቴን ማወዛወዝ ጀመርኩ። የተገለበጠው ገጽ ላይ አንድ ልጅ ራፕ ያደርጋል፣ በሌላኛው ጆሮ ደግሞ ማጀቢያው አለ። ሦስት ዘፈን ነው። ሁለተኛው ሊጀምር ሲል ግን አንድ ድምፅ በአማርኛ «ቆይ ቆይ፣ አልተነሳም! ቀዩ አልበራም!» ይላል። ወንድሜ ነው። የሃያ ዓመቱ ወንድሜ፣ ያኔ የነበረው ቀጭን ድምፁ።

አዲስ አበባ ሊነጋ ሲል ደውዬ በስልክ አሰማሁት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ። «ማነው ያስቀመጠው?» አለኝ። ራፕ የሚያደርገው ክፍል ተጋሪው የነበረ የብሮንክስ ልጅ ነው አለ። ማሽኑን ለሁለት ቀን ተከራይተው የዶርም ልብስ ማስቀመጫ ውስጥ ፍራሽ አቁመው ቀዱ። ልጁ ለኩባንያ እልካለሁ ብሎ ሳይልክ ቀረ። አሁን አስተማሪ ነው፣ አሁንም ለገና ይጻጻፋሉ። ወንድሜ ዛሬ ጽፎለታል።

ሕግ ተማሪው (አትላንታ)፦

በጣም ጥሩ። ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ኢሜይል ይበቃል። ቢቱ (ማጀቢያው) ከሌላ ሸክላ የተቆረጠ ድምፅ ካለበትም ጠይቁት፣ የሚያትም ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ (ፍራንክፈርት)፦

አንድ ሸክላ አስቀምጡልኝ። በእጥፍም ቢሆን።

ሌሊት ሰሚዋ (ብሩክሊን)፦

የሬዲዮዎቹንም እንዳትረሺያቸው። እኛ ቤት ልጆቹ የማይፈልጉት ሁለት ካርቶን ካሴት አለ፣ የተጻፈባቸውን ቀን እያየን እናስተያያቸው። ስንጨርስ ኢታካ የሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ2007 ጀምሮ የሂፕ ሆፕ ስብስብ አለው፣ እንጽፍላቸዋለን።

ጋሽ ቴፕ፦

ልጄ፣ ጥርሱን ሰበርሽ?

ባለ ሳጥኗ፦

የ41ዱንም ሰብሬያለሁ ጋሼ።