«እናቶቻችን ያለ ሐኪም ወልደውናል» ለታመመች እርጉዝ መልስ ነው?

ሲስተር ከሳቢያን፦ ትናንት እዚሁ የድሬዳዋ ግሩፕ ላይ አንዲት የሰባት ወር እርጉዝ «ትኩሳትና ሳል ይዞኛል፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። ብዙ ላይክ ያገኘው መልስ «ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል በማር ጠጪ፤ እናቶቻችን ያለ ሐኪም ወልደውናል» የሚል ነው። ስበግን አደርኩ። አዋላጅ ነኝ። በሰባት ወር ማህፀን ሽቅብ ገፍቶ ሳንባን ያጣብባል፣ ሰውነቷ የሚፈልገው ኦክስጅን ደግሞ ጨምሯል። ኢንፍሉዌንዛ ወይ ኮቪድ ሲይዛት ቶሎ ወደ ሳንባ ምች ሊሄድባት፣ ምጡም ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። የጻፍከው ወንድሜ፣ መልስህን አንሳ።

የከዚራ ልጅ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አላነሳም። አቦ ሴትዮዋን ለምን ታስደነግጧታላችሁ? እናቴ ስምንት ልጅ ወልዳ ለጉንፋን ሐኪም ቤት ሄዳ አታውቅም። እናቶቻችን ያለ ሐኪም ወልደውናል። ይሄ ውሸት ነው?

የመጋላዋ፦ ውሸት አይደለም፣ ጎደሎ ነው። «ወልደውናል» የምንለው የተረፍነው ነን። ከእናታቸው ጋር የተቀበሩት እዚህ ገብተው አይጽፉም። ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ባዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ስንቱ ስላለቀ ነው። በዚያው ወረርሽኝ አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡ 1,350 የታመሙ እርጉዞች ከሩብ በላይ ሞተዋል።

የከዚራ ልጅ፦ የመቶ ዓመት ታሪክ አምጥተሽ የዛሬዋን ሴት ታሸብሪያለሽ።

ሲስተር ከሳቢያን፦ የቅርቡን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አሜሪካ ውስጥ እርጉዞች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ሆነው ከሟቾቹ 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኮቪድ ሲመጣም በ18 አገሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በበሽታው የተያዙ እርጉዞች ካልተያዙት ይልቅ ለደም ግፊት ችግር፣ ለጽኑ ሕሙማን ክፍልና ያለ ጊዜው ለመውለድ የበለጠ መጋለጣቸውን አሳይቷል።

እናት የሁለት ልጆች፦ ሲስተር፣ ቫይረሱ ልጁን ራሱን ይይዘዋል?

ሲስተር ከሳቢያን፦ ኢንፍሉዌንዛ የእንግዴ ልጅን አልፎ ፅንሱን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው የኔ እናት። ልጁን የሚጎዳው በአብዛኛው የእናቱ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የኦክስጅን ማነስና የሰውነቷ መቆጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣ ከፍተኛ ትኩሳት የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር በሚሠራበት በነርቭ ዘንግ አፈጣጠር ላይ ከሚታዩ ጉድለቶች ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ትኩሳቱን ማብረድ ግድ ነው፤ በፓራሲታሞል። አይቡፕሮፌን በተለይ ከአምስት ወር በኋላ አትውሰጂ።

የገንደቆሬው አባት፦ ሁላችሁም ጉንፋን ላይ ተቸክላችኋል። ድሬ ውስጥ ትኩሳት መቼ ነው ጉንፋን ብቻ የሆነው? በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ ቤት ለቤት ሲዞር አይታችኋል። ወባውም አለ። ደም ሳይታይ «ጉንፋን ነው» ብሎ መፍረድ የከዚራው ልጅ ብቻ ሳይሆን የሲስተርም ጥፋት ነው።

ሲስተር ከሳቢያን፦ የት ቦታ ነው «ጉንፋን ነው» ያልኩት? ጽሑፌን መልሰህ አንብበው። እኔም የምለው ዛሬውኑ ሄዳ ትመርመር ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ትመርመር ማለት ቀላል ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ በሚያስሉ ሰዎች መሃል ግማሽ ቀን ትቀመጥ? ያልያዛትን ይዛ ትመለሳለች። የባጃጁንስ ማን ይከፍልላታል?

የመጋላዋ፦ ሰልፉ እውነት ነው፣ እኔም ቆሜበታለሁ። ስለዚህ እርጉዝ ስትመጣ ትቅደም ብለህ ተከራከር፣ አብሬህ እቆማለሁ። አንተ ግን ሰልፍ አለ ብለህ ቤቷ አስቀረሃት።

ከጀጎል፦ ከሐረር ነኝ፣ ግሩፑ ቢፈቅድልኝ። ጤና አዳም በሻይ ቢሰጧትስ?

ሲስተር ከሳቢያን፦ ለእርጉዝ ጤና አዳም አይሆንም! ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል። ከሰልም በተዘጋ ክፍል አታጭሱባት፣ ያለችውን ትንፋሽ ይሻማታል። ዝንጅብል በማር ትጠጣ፣ ማን ከለከላት። ግን ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ልጁ መንቀሳቀሱ ከቀነሰባት ሌሊትም ቢሆን ድል ጮራ ሆስፒታል ትሂድ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በሁለት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው።

የገንደቆሬው አባት፦ ክትባቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዞች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቅድሚያ ያግኙ ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሚስቴ ቴታነሱን ተከትባለች፣ ስለዚህኛው ግን ማንም አላነሳላትም።

እናት የሁለት ልጆች፦ በእርግዝና ክትባት እፈራለሁ።

ሲስተር ከሳቢያን፦ ቴታነሱን ስትከተቢ ለልጅሽም ነበር። ይሄም እንደዚያው ነው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አይሰጠውም፣ የሚከላከልለት ከእናቱ የወረሰው የመከላከል አቅም ነው። አራስ ጥየቃ እያሳላችሁ መጥታችሁ ሕፃን የምትስሙትም እዚህ ግሩፕ ውስጥ አላችሁ።

ከጀጎል፦ አራስ መጠየቅ ባህላችን ነው፣ እሱን አትንኩብን።

የመጋላዋ፦ ጠይቁ፣ እያሳላችሁ አትሳሙ ነው የተባለው።

የከዚራ ልጅ፦ እንግዲህ አራስ ጥየቃም ተከለከለ። እናቶቻችን…

የመጋላዋ፦ «ያለ ሐኪም ወልደውናል»፣ ሰምተናል። እናትህን ራሷን ጠይቃት፤ ከስምንቱ ሌላ ያጣችው የለም?

የከዚራ ልጅ፦ እናቴን እዚህ አታስገቢ።

የመጋላዋ፦ አንተ ነህ ያስገባሃት።

እናት የሁለት ልጆች፦ ልጅቷ ሄደች ወይ? ስልኳን የሚያውቅ ይደውልላት።

ሲስተር ከሳቢያን፦ በውስጥ ጽፌላታለሁ፣ አልመለሰችም። የከዚራ ልጅ፣ መልስህ አሁንም ከላይ ተሰቅሏል።

የከዚራ ልጅ፦ ይሰቀል። አላነሳም አልኩ።