«የቤት ክርክር ነው» ያልከው ሰውዬ፣ ብቅ በል እስቲ

ሰሚት፦ ትናንት ምሥራቅ እየሩሳሌም ሼክ ጀራህ ሰፈር ከቤታቸው ስለሚባረሩት ፍልስጤማውያን ሴቶች ስናወራ አንዱ «ተራ የቤት ክርክር ነው፣ ሴቶቹ ድራማ ይሠራሉ» ብሎ ላሽ አለ። በ2021 የእስራኤል ውጭ ጉዳይም «የቤት ክርክር» የምትለዋን ብሏት ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የት ገባህ?

ጌች ጨርቆስ፦ አለሁ። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ታዲያ የቤት ክርክር ካልሆነ ምንድነው?

ሰሚት፦ ይሁንልህ። 28 ፍልስጤማውያን ተፈናቃይ ቤተሰቦች በ1956 ከዮርዳኖስና ከተመድ ቤት ሲሰጣቸው የተፈናቃይ ራሽን መብታቸውን ለቀቁ። ቤቱ በስማቸው ሳይዞር 1967 መጣና እስራኤል ሰፈሩን ያዘች። በ1970 በወጣው የእስራኤል ሕግ አይሁድ ከ1948 በፊት ምሥራቅ እየሩሳሌም የነበራቸውን ያስመልሳሉ። በ1948 ከሐይፋ የተፈናቀለችዋ ፍልስጤማዊትስ? ሐይፋ ያለ ቤቷን መጠየቅ አትችልም። አንዱ ወገን ብቻ የሚከስበት የቤት ክርክር የት አይተሃል?

ሐይፋዊት፦ እኔ እዚሁ እስራኤል ነው የምኖረው። ሰፈሩ ውስጥ የጻድቁ ስምዖን መቃብር አለ። ከ1948 በፊት አይሁድ ይኖሩበት ነበር፣ እነሱም ተፈናቅለዋል። እሷን ለምን ትዘሏታላችሁ? የኛ የቤተ እስራኤል እናቶችስ ስንት ዘመን እየሩሳሌምን ሲያስቡ ኖሩ! ትዝታ ለአንድ ወገን ብቻ ነው እንዴ?

ዶሮ ማነቂያ፦ እህቴ፣ የእናቶችሽን ናፍቆት ማንም አልነካም። ግን ሪፍቃ አል ኩርድ የሚባሉ እናት ነበሩ። በ1948 ከሐይፋ ወጡ፣ በ2009 ደግሞ የአይሁድ ሰፋሪዎች ሼክ ጀራህ ያለውን የቤታቸውን ግማሽ ያዙባቸው። አንድ ግቢ፣ አንድ በር! የልጅ ልጃቸው ሙና ግቢው ውስጥ ያለውን ሰፋሪ በ2021 ስትቀርጸው «እኔ ባልሰርቀው ሌላ ይሰርቀዋል» አላት። ድራማውን ማን ሠራ?

ጌች ጨርቆስ፦ ቪዲዮ ካርታ አይሆንም።

ዶሮ ማነቂያ፦ ሌላዋ የሼክ ጀራህ እናት ኡም ካሚል በ2008 ከቤታቸው ተባረሩ። ባላቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሴትዮዋ እዛው ሰፈር ድንኳን ተከሉ። ሲያፈርሱባቸው መልሰው ይተክላሉ። በዛ ሐዘን ላይ! አንተ «ካርታ» ትላለህ።

ጌች ጨርቆስ፦ አዝናለሁ፣ ግን ሐዘንም ካርታ አይሆንም።

ሰሚት፦ ሰውዬው ማዘጋጃ ቤት ነው እንዴ የሚሠራው?

ደብተራው፦ ቆይ ቆይ። የእየሩሳሌም ነገር ከተነሳ ከግብጽ ኮፕቶች ጋር የምንከራከርበት ገዳማችን ዴር ሱልጣን አለላችሁ። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ግብጾቹ ጸሎት ላይ ሳሉ ቁልፉን ቀይሮ ለኛ የሰጠን የእስራኤል ፖሊስ ነው። ውለታ አትርሱ።

ዶሮ ማነቂያ፦ አባቴ፣ በ1971 የእስራኤል ፍርድ ቤት ለግብጾቹ ይመለስ ማለቱንስ? እስከዛሬ አልተመለሰም። ጌች፣ አንተ ፍርድ ቤት አክባሪው፣ ቁልፉን እናስረክብ?

ጌች ጨርቆስ፦ እሱ ሌላ ነው።

ሰሚት፦ በለው! «እሱ ሌላ ነው»! ካርታው የታለ?

ደብተራው፦ ዴር ሱልጣን የኛ ነው። ካርታ ምናምን አትበሉ። አባቶቻችን የጸለዩበት ነው!

ሐይፋዊት፦ ይኸው፣ ሲደርስባችሁ እናንተም እንደኛ ትናገራላችሁ።

ሰሚት፦ እንደ ኡም ካሚልም ጭምር እንጂ።

ጌች ጨርቆስ፦ እናንተ ስለ ገዳም ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ቤት ነው የማወራው።

ዶሮ ማነቂያ፦ ስለ ቤት ነዋ! ሴትዮዎቹስ ስለ ምን ነበር የሚያወሩት?