ኮርሳ ብስክሌት ላይ ሰፋ ያለ ጎማ ይገባል?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከገርጂ ካዛንቺስ በኮርሳ ብስክሌት ሥራ እመላለሳለሁ። አስፋልቱ ላይ ችግር የለም። የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ስደርስ ግን ጥርሴ ሁሉ ይንቀጫቀጫል። ጎማው 700×23 ነው፤ 23ቱ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 110 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) እነፋው ነበር፤ ለስለስ ይበል ብዬ ወደ 70 ባወርደው በአንድ ወር ሦስቴ ተነፈሰብኝ። 28 ይገባ ይሆን? ፍሬኑ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው ዓይነት ነው። ክብደቴ 68 ኪሎ።

ባሕር ዳሬው፦
ወንድሜ፣ ሽጠህ ማውንቴን ብስክሌት ግዛና ተገላገል።

የጎሚስታ ልጅ፦
ኧረ አትሽጥ! ከመነዳሪው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኘህ ሚስማር አይደለም። ድንጋዩና ቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ነው። 23 ጎማ ላይ ያለህ ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ትንቀጠቀጣለህ፣ ወይ ትለጥፋለህ። ሰፊ ጎማ ግን አየሩ ቢቀንስም ቸርኬውን ከድንጋይ ያርቅልሃል።

ከመግዛትህ በፊት ለካ። ጎማው ከፍሬሙ ቱቦዎች፣ ከፊት ሹካውና ከፍሬኑ ሆድ ምን ያህል እንደሚርቅ እይ። ከ23 ወደ 28 ስትሄድ በየጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ላይ ደግሞ 5 ገደማ ይጨምራል። ከተገጠመ በኋላ ዙሪያውን 4 ሚሊ ሜትር ይትረፍህ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር የኤል ቁልፍ ካለህ እሱን አስገብተህ መፈተሽ ትችላለህ።

ሄዋን በብስክሌት፦
ጎኑ ላይ 28-622 የሚል ግዛ። ዋናው 622 ነው፤ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ማለት ነው። 27 ኢንች የሚባለው 630 ስለሆነ ቸርኬህ ላይ አይቀመጥም። እኔ መርካቶ ላይ «ያው ነው» ተብዬ ገዝቼ ለመመለስ ስከራከር ዋልኩ። ደግሞም ቸርኬው ሰፊ ከሆነ 28 የተባለው 30 ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦
ለካሁ። ሁለት ቀዳዳ ያልሽው... ይቅርታ፣ ያልከው ልክ ነው፤ የእባብ ንክሻ ይመስላል። ጎንና ጎኑ 7፣ 7 ሚሊ ሜትር አለ። ከላይ ግን ኋላ 10፣ ፊት 6 ብቻ።

የጎሚስታ ልጅ፦
እንግዲያው ፊት 28 ብታደርግ ከላይ 1 ሚሊ ሜትር ይቀርሃል። ጠጠር ገብታ ጎማውን ትበላዋለች። ፊት 25፣ ኋላ 28 አድርግ። ክብደትህ የሚያርፈው ኋላ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰማሃል። ሁለቱንም 70 ላይ ጀምርና ቀስ እያልክ ቀንስ። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ መለኪያውን ራስህ ተመልከት፤ እኛ ልማዳችን እንደ ድንጋይ ማድረግ ነው። ቫልቮላህ ቀጭኑ ከሆነ ደግሞ የመንፊያ ማገናኛዋን ኪስህ ውስጥ አትጣ።

ጠያቂው፦
ቅዳሜ ገጠምኩት። ኋላው ተነፍቶ በፍሬኑ ላስቲኮች መሃል አላልፍ ብሎ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። መጨረሻ ላይ አየሩን አውጥቼ አስገባሁት፣ ከዚያ ነፋሁት። ዛሬ ኮብልስቶኑን ቁጭ ብዬ አለፍኩት። ለክረምቱ ፓራፋንጎስ ይገባ ይሆን?

ሄዋን በብስክሌት፦
በቀረህ 5 ሚሊ ሜትር? እርሳው። የዝናብ ሱሪ ግዛ።

ባሕር ዳሬው፦
ማውንቴን ላይ ይገባ ነበር።