ታይመሩ ድንገት ለምን ይዘገያል?

ሰላም ወገን፣ እርዳታ ፈልጌ ነው። ባሕር ዳር ላይ ለእንጨት ሥራ የሚሆን ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ) ማሽን እየገጣጠምኩ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ 6.12ን ከነፕሪኤምፕት አርቲ (ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ሥራን በሰዓቱ እንዲያስፈጽም የሚያደርግ አማራጭ) ጭኜ፣ ሞተሩን በየ1 ሚሊሰከንዱ አዘዋለሁ። መዘግየትን በሚለካው ሳይክሊክቴስት ስለካው ታይመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ማይክሮሰከንድ በላይ አይዘገይም። ከዚያ ሳይታሰብ 400 ይገባል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል።

ሲፒዩው እንዳያንቀላፋ ሲ-ስቴቶቹን ዘግቻለሁ። አንዱን ኮር ለዚህ ሥራ ብቻ ለይቻለሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። የሲፒዩውን ሁኔታ በሚያሳየው ተርቦስታት ላይ ግን መዘግየቱ በመጣ ቁጥር የኤስኤምአይ (ሲፒዩውን ከሥራው የሚያቋርጥ ጥሪ) ቆጠራው ይጨምራል። ይሄ ከባዮስ (ከማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) ስለሚመጣ ከርነሉ ሊያግደው አይችልም፤ አርቲውን መውቀስም ዋጋ የለውም። ባዮስ ውስጥ የዩኤስቢ ሌጋሲን (የዩኤስቢ ኪቦርድን እንደ ድሮው ኪቦርድ የሚያስመስለውን አማራጭ) ሳጠፋው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ኤስኤምአዩን ጠቅላላ እንዳልዘጋው የሙቀት መቆጣጠሪያው በሱ የሚሠራ ከሆነስ? የባሕር ዳር ሚያዝያ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

የትኛው ክፍል እንደሚቀሰቅሰው ለይቶ ማወቂያ ዘዴ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።