የ2000 ስሪት አርኤምኬ 700 ዳገት ላይ ይደክምብኛል፤ ማርሚታ ልቀይር ወይስ ሌላ?

ዱቄትበረዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የ2000 ስሪት ፖላሪስ አርኤምኬ 700 ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር) አለኝ። ባለ ሁለት ምት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ በካርቡራቶር የሚሠራ። ትራኩ (ከሥሩ የሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ) 136 ኢንች፣ የትራኩ ጥርስ 2 ኢንች ነው። ታች ሜዳው ላይ ምንም አይወጣለትም፣ ይፈተለካል። 2,500 ሜትር ላይ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ዳገት ስጀምር ግን ጉድ ይፈላል። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥቼው ዙሩ በደቂቃ 7,400 ላይ ቆሞ ይቀራል። መመሪያው 8,000 አካባቢ ይላል። ግማሽ መንገድ ላይ ትራኩ ጉድጓድ ይቆፍርና ቁጭ። አዲስ ማሽን የያዙት ጓደኞቼ አናት ላይ ሆነው እጃቸውን ያውለበልቡልኛል። ደግነታቸው!

የተሻሻለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ልገዛ አስቤያለሁ። ትራኩንም ማስረዘም ይቻላል ይሉኛል። ኪሴ ሁለቱንም አይችልም። ከየት ልጀምር?

ጥቁርእጅ

ወንድሜ፣ ማርሚታውን ለጊዜው እርሳው። ጥቂት ኪሎ ይቀንስልሃል፣ ጎረቤት ይቀሰቅስልሃል፣ ጄትም (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ) ያስቀይርሃል። ዳገቱን ግን አያስወጣህም።

ባለህ ጉልበት እንጀምር። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ባሕር ጠለል ላይ 100 ፈረስ ጉልበት የነበረው 3,000 ሜትር ላይ ወደ 70 ይወርዳል። ቱርቦ ካልገጠምክ በቀር ይህን የሚመልስልህ የለም። የቀረችውን ጉልበት የሚበላብህ ግን ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት በቺንጊያ ወደ ትራኩ የሚያስተላልፈው) ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

የፊተኛው ፍሪሲዮን ውስጥ ሦስት ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይወረወራሉ፣ ተንቀሳቃሹን ጎን ገፍተው ቺንጊያውን ይጨምቃሉ። ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ክብደት ከፍታ ላይ ለደከመ ሞተር ይከብደዋል። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ውጣ እንደማለት ነው። ዙሩ የሚታፈነው ለዚህ ነው። የተለመደው ግምት ከእያንዳንዱ ክብደት 2 ግራም ሲቀነስ ወደ 200 ዙር ይጨምራል የሚል ነው። ያንተ ጉድለት 600 ስለሆነ በግምት 6 ግራም ማለት ነው።

ግን ገና አትግዛ! ቅደም ተከተሉን ከዘለልክ አንዱን በሽታ በሌላው መድኃኒት ታክማለህ። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለካ። ሞተሩን አሙቅ፣ ማጥፊያውን ዝጋ፣ ሁለቱንም ካንዴላ አውጣ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይዘህ ገመዱን ደጋግመህ ሳብ። የሁለቱ ሲሊንደር ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ስለ ፍሪሲዮን ማውራት ትርፉ ድካም ነው፤ ሞተሩ መከፈት አለበት። ከዚያ የካንዴላዎቹን ቀለም እይ። ከዚያ በኋላ ወደ ፍሪሲዮኑ ግባ። ክብደቶቹ የሚረግጧቸውን ሮለሮች በጣትህ እያዞርክ በጥፍርህ ዳስሳቸው። ጠፍጣፋ ቦታ ካገኘህ ይቀየራሉ። ሞላውም ሃያ ዓመት ያለፈው ከሆነ ላላ ብሏል፣ አትመነው።

ከፍታ_ላይ

ጥቁርእጅ ልክ ነው፣ እኔ ግን ስለ ጄት አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ጄቱ የታች ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ዙሩም ይወርዳል። መፍትሔው አነስ ያለ ዋና ጄት ነው። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ አየሩ ይጠቀጠቅና ተቃራኒው ይሆናል፣ ትልቅ ጄት ይፈልጋል። በከፍታና በሙቀት የተዘጋጀው ሰንጠረዥ መመሪያው ላይ አለ፣ እሱን ተከተል።

አደራ፣ በትንሹ ጄት ወደ ታች ወርደህ ሜዳ ላይ ጥርግ አድርገህ እንዳትነዳ። ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል። ከካርቡራቶሩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ጎማም ጫን ጫን እያደረግክ ስንጥቅ ፈልግ። በዚያ የሚገባ አየር ተመሳሳይ ጥፋት ነው የሚያደርሰው።

ረጅምትራክ

ሁላችሁም ሞተር ሞተር ትላላችሁ። ሰውየው «ጉድጓድ ይቆፍራል» እያለ ነው እኮ! 136 ኢንች በዛሬ ዓይን አጭር ነው። 151 ብታደርገው በረዶው ላይ የመንሳፈፍ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታየዋለህ። ግን የስላይድ (ትራኩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ) ማስረዘሚያ ይፈልጋል። ጥርሱ ከ2 ኢንች ከበለጠ ደግሞ ከማቀዝቀዣው ጋር ያለውን ክፍተት ሳትለካ እንዳትገዛ። ትራኩ ሲከብድ ሰንሰለት ቤቱ ውስጥ ያለውን ማርሽም ማውረድ ያስፈልጋል።

ጥቁርእጅ

አልጣላህም። ግን 7,400 ላይ ለታፈነ ሞተር ከባድ ትራክ ብትሰጠው 7,000 ላይ ይቆምልሃል። ትራኩ ለሚቀጥለው ክረምት ይቆይ።

ዱቄትበረዶ

አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም አየሁ። ኮምፕሬሽኑ 116 እና 114 ፒኤስአይ ነው። ካንዴላዎቹ ጥቁር፣ እርጥብ። ከሮለሮቹ አንዱ ጠፍጣፋ ቦታ አለው፣ ጥፍሬን ያዘው። ክብደቶቹን ለመቀየር ፍሪሲዮኑን ከሞተሩ ላይ ማውለቅ ግድ ነው?

ጥቁርእጅ

ሞተርህ ጤነኛ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጄቱን መጀመሪያ ቀይርና ዙሩን እንደገና እይ። ክብደቱን ከዚያ ወስን፤ ምናልባት 6 ሳይሆን 2 ወይም 4 ግራም ይበቃሃል።

ክብደቶቹን ለመቀየር ማውለቅ አያስፈልግም፣ የፊት ሽፋኑን መክፈት ይበቃል። ብሎኖቹን ግን አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ። ሁሉንም ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ አላላቸው፣ ከኋላቸው የታመቀ ሞላ አለ። ሽፋኑና አካሉ ላይ የኤክስ ምልክት ታያለህ። ስትመልሰው ምልክቶቹ ትይዩ ይሁኑ፣ አለዚያ ሚዛኑ ይዛባና ይንቀጠቀጣል። ለሮለሩ ግን መሐሉ መፈታት አለበት። ያ ልዩ መፍቻ ስለሚፈልግ ለባለሙያ ስጠው።

ከፍተኸው ሳለ ቺንጊያው የሚያርፍበትን ገጽ በአልኮል ጥረገው። ቺንጊያውንም በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው። ስፋቱ መመሪያው ከሚለው ካነሰ አዲስ ግዛና አሮጌውን ለመጠባበቂያ ያዘው።