ለጉባኤ የሥነ ምግባር ደንብ ጻፊ ተብዬ ነው፣ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

አዲሷ አዘጋጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሙያ ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ሊደርስ ነው፣ ወደ 300 ሰው ይመጣል፣ እኔ ኮሚቴው ውስጥ በእድሜ ትንሿ ስለሆንኩ ደንቡን አንቺ ጻፊው ተባልኩ። አንድ አንጋፋ አባላችን ግን «እኛ በጨዋነት ያደግን ሰዎች ነን፣ ለተማረ ሰው እንዲህ አይነት ወረቀት መስጠት መናቅ ነው» አሉ፣ ሌላውም ዝም አለ። እኔ ደግሞ አምና ያየሁት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። መድረክ መሪው ሶስቱን ወንዶች ዶክተር እገሌ፣ ኢንጂነር እገሌ እያሉ ጠርተው አራተኛዋ ጋ ሲደርሱ «አሁን ደግሞ ቆንጆዋ እህታችን» አሉ። ልጅቷ እኮ ፒኤችዲ አላት። አዳራሹ ሳቀ፣ እሷም ፈገግ አለች፣ እኔ ግን ፊት ወንበር ላይ ስለነበርኩ ወረቀቱን የያዘችበት እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ያሉትን ስላይዶች በጥድፊያ ነው ያለፈቻቸው። ይሄን ደንብ ላይ እንዴት ነው ማስቀምጠው? ትልልቆቹንስ ሳላስቀይም እንዴት ላሳምን?

ኮድ ጸሐፊው፦
እህቴ «ለተማረ ሰው» የሚለውን እንዲህ መልሺላቸው። ኒውሪፕስ የሚባለው ትልቁ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ ተሳታፊው ፕሮፌሰርና ተመራማሪ ነው፣ ግን የድሮው ምህጻረ ቃሉ በሴት አካል ለመቀለጃ ስለዋለ ብዙ ተሟግተውበት እ.ኤ.አ. በ2018 ቀየሩት። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚደግፈው ፋውንዴሽንም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሥነ ምግባር ደንብ ለሌለው ጉባኤ ስፖንሰር አልሆንም ብሏል። ለቆንጆዋ ጉዳይ ደግሞ አንድ መስመር ይበቃል፦ መድረክ መሪ ሁሉንም ተናጋሪ በማዕረግና በስም ይጠራል፣ ስለ መልክና ስለ ልብስ አያወራም። ከዋዜማው ጀምሮ የተናጋሪዎቹን ማዕረግ ጽፈሽ እጃቸው ላይ አድርጊላቸው።

ባለ ዊልቸሩ፦
እኔን ከመድረክ በፊት ያለው ነው ሚያሳስበኝ። አንዴ ጽሑፍ ላቀርብ ተጋብዤ መድረኩ ሶስት ደረጃ፣ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) የለም፣ አራት ወጣቶች ሳይጠይቁኝ ከነወንበሬ ብድግ አደረጉኝ፣ በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አንዱ የያዘው የእግር ማሳረፊያውን ነበርና ከእጁ ላይ ሊነቀል ምንም አልቀረው፣ 300 ሰው እያየኝ አየር ላይ ነበርኩ። የህንፃ አዋጁ የህዝብ መገልገያ ህንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ይላል፣ እናንተ ግን አዳራሹን ከመከራየታችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩት፣ መድረኩንም ሽንት ቤቱንም። መመዝገቢያው ፎርም ላይ ምን ያስፈልግዎታል ብላችሁ ጠይቁ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካስፈለገ ሁለት ቅጠሩ፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻውን አይችለውም። ምሳ ላይም የጾም ይኑር፣ ሥጋውም የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ይለይ፣ ሰላጣ ብቻ በልቶ የሚወጣ ባልደረባ ብዙ አይቻለሁ።

የሐዋሳዋ፦
ሁሉም ጥሩ ብሏል፣ እኔ ምልሽ ግን ችግር የደረሰበት ሰው ሲደውል ማን ስልክ እንደሚያነሳ ካልተጻፈ ደንቡ ዋጋ የለውም። አንድ ጉባኤ ላይ እራት ሰዓት አንድ የተከበሩ ሰው አንዲት ተማሪ ክፍሏ በር ድረስ ተከትለዋት፣ ልጅቷ ለአዘጋጁ ስትነግረው «ትልቅ ሰው ናቸው ተይው፣ ነገሩን አታካብጂው» አላት፣ ሌሊቱን እኔ ጋ አደረች፣ ጠዋት ጽሑፏን ሳታቀርብ በመጀመሪያው መኪና ሄደች። ስለዚህ ሁለት ሰው ሰይሙ፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ ስልካቸው ባጁ ጀርባ ላይ ይታተም። ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ባጁን ተቀብሎ የማስወጣት ሥልጣን ይኑራቸው፣ ይሄን ኮሚቴው አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይፈርምበት፣ በዕለቱማ ማንም አይደፍርም። አንጋፋውን በተመለከተ፣ ስብሰባ ላይ አትከራከሪያቸው፣ ቀድመሽ ቢሯቸው ሂጂና የአምናውን ልክ እንደነገርሽን ንገሪያቸው፣ ሴት ልጅ ካላቸው ደግሞ ወዲያው ይገባቸዋል።

አዲሷ አዘጋጅ፦
ተባረኩልኝ። አንጋፋው ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፣ አንዷ የእኛው ሙያ ተማሪ ናት። ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው እሄዳለሁ፣ አዳራሹንም ነገ ሄጄ አያለሁ። የሐዋሳዋ፣ ያቺ ተማሪ ከዛ በኋላ ጽሑፏን ሌላ ቦታ አቀረበችው?

የሐዋሳዋ፦
አላቀረበችም። ሙያውንም ትታዋለች።